ለሁለት የገዛናት ባለሁለት በር

መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሰበታ ውስጥ ስለዚያች መኪና የሚያወራ ሰው ሁሉ ወሬውን ከጓደኛዬ ስለሚጀምር ነው።

በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሱሉልታ ለሚገኝ የወተት ማቀዝቀዣ መለዋወጫ አድርሰን ስንመለስ፣ የጭነት መኪናው ጋቢና ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ከአንድ ግቢ የባሕር ዛፍ አጥር በላይ ማየት ቻልኩ። ቆርቆሮ ዳስ ሥር አንዲት መኪና ቆማለች። ግማሽ ጎኗ በሳር ክምር ተሸፍኗል፤ ጣሪያዋ ላይ ዶሮ ተቀምጣለች። የኋላዋን ቁልቁለት ግን ሳሩም ዶሮዋም ሊደብቁት አልቻሉም። ከኋላው መስታወት ጀምሮ እስከ መብራቶቹ ድረስ በአንድ መስመር፣ የትም ሳይሰበር ይወርዳል። የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ ባለሁለት በር፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አገር ውስጥ ከገቡት ጥቂቶች አንዷ።

እንዴት አወቅክ ለሚለኝ፣ ከመርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የጥገና መጽሐፍ ነበረኝ። በጣሊያንኛ ነው የተጻፈው። ጣሊያንኛ አላውቅም። ሥዕሎቹን ግን እያንዳንዱን ብሎን ከነጥርሱ አውቃቸዋለሁ። የሞተሯ አብዛኛው ክፍል ከአሮጌዎቹ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ጋር አንድ እንደሆነ የደረስኩበትም ሥዕል ከሥዕል እያስተያየሁ ነው። ይህ ማለት ደግሞ ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ከተቆለለው አሮጌ ብረት መሃል ይገኛል ማለት ነው። እንደኔ ያለ ሰው ከአቅሙ ሳያልፍ ሊመኛት የሚችል ስፖርት መኪና ብትኖር እሷ ብቻ ነበረች።

ያን ዕለት ማታ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ባልነግረው ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ግን ለብቻዬ አቅሙ አልነበረኝም፤ የእሱ ግማሽ ባይጨመርበት በኔ ገንዘብ የምትገዛው ዶሮዋ ብቻ ነበረች።

እናቴ የአዲስ አበባ ኪራይ አልቻል ሲላት ሰበታ ገባን፤ እሱ የአከራዮቻችን ልጅ ነው። አንድ ግቢ አደግን፣ አንድ ዴስክ ላይ ተማርን። አሁን ከሰበታ ጦር ኃይሎች ሚኒባስ ይነዳል። ከእሱ ጋር በእግር መሄድ አድካሚ ነው። ሥጋ ቤቱ ይጠራዋል፣ ትራፊኩ ያስቆመውና ያስቀዋል፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ገና ድምፁን ሲሰሙ ስሙን ይጠራሉ። እኔ ከጎኑ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንዶቹ ለኔም እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ፊታቸው ግን ገና እሱ ላይ ነው። ይህ ከመኪናዋ በፊት የነበረ ቅናት ነው። መኪናዋ ማደሪያ ሰጠችው እንጂ አልፈጠረችውም።

ሱሉልታ ደጋግሜ ሄድኩ። ባለቤቷ ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ የውጭ አገር ሰው ሹፌር ነበሩ፤ ሰውየው አብዮቱ ሲመጣ አገር ለቆ ሲሄድ መኪናዋን ለእሳቸው ተወላቸው። በሄድኩ ቁጥር "ኮቱ፣ ና ግባ፣ ተቀመጥ" ይሉኛል። እኔ "ቆይ አባባ፣ አንዴ ልያት" ብዬ በቀጥታ ወደ ዳሱ እሄዳለሁ። ሥሯ ተኝቼ ላሜራዋን በጥፍሬ እፍቃለሁ፣ ቱቦዎቿን እየነካሁ እከተላለሁ። ከዚያ አቧራዬን አራግፌ ያየሁትን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፦ የግራው ወለል በስቷል፣ የፍሬኑ ጎማዎች ደርቀዋል፣ የካርቡራተሩ ክዳን የሌላ መኪና ነው። ሰው ዕቃውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ገዢ ሲመጣለት ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ይሰሙኛል።

ለምን እንደሚሸጧት የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እርሻቸው ላይ ችካል ተተክሏል።

"ማስተር ፕላን ነው አሉን" አሉ በከዘራቸው ሜዳውን እያሳዩኝ። "መሬቱ ከሄደ እሷ የት ትቆማለች? ላሚቱን እንኳ ወደ ልጄ ቤት እነዳታለሁ። እሷ አትነዳም።"

ሞተሯ ምን እንደጎደለው ልነግራቸው ጀመርኩ። እሳቸው ወደ ቤት ገቡ።

የሽያጩ ቀን ጓደኛዬ አብሮኝ መጣ። ገና ከበሩ "አካም ጅርቱ" ብሎ ጀመረና ሽማግሌው ሰላምታውን ሳይጨርሱ እሱ ቤት ገብቶ ተቀምጧል። መኪናዋን ዞር ብሎም አላያት። እርጎ ቀረበለት፤ ጠጣ፤ ተጨመረለት። ስለ ላም ተወራ፣ ስለ ዝናብ ተወራ። የሽማግሌው የእናታቸው ወገን ከሰበታ ወዲያ ተጂ አካባቢ እንደሆነ ተገኘ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ተጂ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። እኔ ደፉ አጠገብ ተቀምጬ በተከፈተው በር የመኪናዋን የፊት መብራት አያለሁ።

ጎረቤት ተጠርቶ ውሉ ሊጻፍ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"አባባ፣ ቁልፉስ?"

"የቱ ቁልፍ?"

"የሞተሩ። እዚያ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው።"

"እሱ እዚሁ ይቀራል።"

ዋጋ ሊጨምሩ መሰለኝ። ጠንከር አልኩ። "ቁልፉ እኮ የመኪናዋ አካል ነው። ከሌለ ማስነሻው እንዳለ ይቀየራል። ወይ ይሰጠን፣ ወይ ከዋጋው ይቀነስ።"

ሽማግሌው የያዙትን ብርጭቆ መሬት አስቀመጡ። ለጓደኛዬ በኦሮምኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ከመሃሉ "ፉኞ" የሚለውን ያዝኩ። ገመድ ማለት ነው። ገመድን ከቁልፍ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም።

ጓደኛዬ ሳቅ ብሎ ጉልበታቸውን ነካ አደረገ። "ያዙት አባቴ። ልክ ነዎት። እኛ ሌላ ገመድ እንገዛላታለን።"

ያብራራልኝ በኋላ ነው። ላም ሲሸጥ ገመዱ ከሻጩ ጋር ይቀራል፤ ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ነው የሚመጣው። ገመዱን አሳልፎ የሰጠ ሰው የበረቱን ሲሳይ አብሮ ሰጠ ይባላል። መኪናዋ ለሽማግሌው እንደ ላም ነበረች፤ ቁልፉ ገመዷ ነው። ጓደኛዬ ይህን ማንም ሳያስረዳው ተረዳ። እኔ ከዚያ ሁሉ ምልልስ በኋላ የማውቀው የወለሏን ዝገት ነበር።

ጸሐፊው የገዢውን ስም ሲጠይቅ ሽማግሌው በከዘራቸው ጓደኛዬን አመለከቱ።

"ለዚህ ልጅ ነው የምሸጣት።"

"የሁለታችን ናት አባቴ" አለ እሱ።

"ያኛው ዝገቱን ይቁጠር። ከብት፣ ጥርሷን ብቻ አይቶ ለሚገዛ ሰው አይሰጥም።"

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወረቀቱ በእሱ ስም ተጻፈ። ሽማግሌው ሲመርቁ እጃቸውን የጫኑት በእሱ ራስ ላይ ነው፤ እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ እንትፍታው በከፊል ጉንጬን ነካኝ። ውጭ ስንወጣ "ወረቀት ነው ባክህ፣ የሁለታችን አይደለች እንዴ" አለኝ። "ችግር የለውም" አልኩት። ከልጅነታችን ጀምሮ ችግር የለውም የምለው ችግር ሲኖር ብቻ እንደሆነ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

ወቅቱ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን የሚዘጋበት ነበር። ተማሪዎች በማስተር ፕላኑ ላይ ያነሱት ተቃውሞ ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ አስፋልት ላይ ደርሷል። ጎማ ይቃጠላል፣ ድንጋይ ይደረደራል፣ ወታደር የጫነ መኪና ያልፋል። ሲመሽ የየሰፈሩ ሰው ማን እንደታሰረ፣ የማን ልጅ እንደተመታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ሾፌሮች እርስ በርስ እየተደዋወሉ መንገድ ያጣሩ ነበር፤ ጓደኛዬ "ዛሬ ይሻላል" ያለበት አንድ እሑድ ጠዋት ሚኒባሱን ይዘን ሱሉልታ ሄድን። የመኪናዋ ሞተር ስለማይነሳ በገመድ መጎተት ነበረባት። እሱ ሚኒባሱን ይነዳል፤ የተጎታቿን መሪ የምይዘው እኔ ነኝ።

መንዳት አልችልም ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። የማርሽ ሳጥን ፈትቼ እገጥማለሁ፤ መኪና ግን አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም። የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱ ከአቅሜ በላይ ነበር፤ ተለማመድባት ብሎ መኪና የሚሰጠኝም አልነበረም።

"ገመዱን ብቻ እይ" አለኝ ጓደኛዬ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ። "እንዳይላላ። ከላላ የእጅ ፍሬኑን ሳብ። ሌላ ምንም አታድርግ። አታስብ።"

"የእግር ፍሬኑ እንደማይሠራ ታውቃለህ?"

"ነግረኸኛል።"

"የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው በአንድ ጎማ ነው።"

"አታስብ አልኩህ እኮ።"

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊቴ የሚታየኝ የሚኒባሱ ጀርባና በመስኮቱ የወጣው የግራ ክርኑ ነበር። ገመዱ አንዴም አልላላም። ሊላላ ሲል ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል፤ ሊወጠር ሲል ይለቃል። የኔን ክብደት ከኋላው በወንበሩ በኩል እየተሰማው ነበር የሚነዳው፣ ያውም በአንድ እጅ። እኔ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ላብ አጥምቆኛል። መኪናዋ ከስንት ዘመን በኋላ መንገድ ላይ ወጥታለች፣ መሪዋ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ የሚነዳት ግን እሱ ነው። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ይህን ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ።

አስኮ ስንደርስ ስልክ ተደወለለት። ወደ ሰበታ የሚወስደው መንገድ ዓለም ገና ላይ ተዘግቷል። ቅርብ ያለው ማረፊያ ቡራዩ የሚኖሩት የአክስቱ ግቢ ነበር፤ ወደዚያ ቀጠልን። ቡራዩ መግቢያ ላይም ድንጋይ ተደርድሮ አገኘን። ከድንጋዩ ኋላ ወጣቶች ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ዱላ ይዘዋል። የመኪናዋ አሮጌ ታርጋ የአዲስ አበባ ነው። በዚያ ሰሞን ከሰውየው በፊት የሚታየው ታርጋው ነበር።

ጓደኛዬ ወረደ። አልቸኮለም። እኔ መስታወት ላውርድ ብል ማውረጃው የተሰበረ ነው፤ የሚባባሉት ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀላቀለ፣ በማይገጥመው በር ክፍተት ይሰማኛል።

"ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ከሙዚየም ነው ያወጣሃት?"

"ከሱሉልታ።"

"የማን ናት?"

"የኔ። አንድ አባት ናቸው የሸጡልኝ። እርሻቸው ላይ ችካል ተተከለና ማቆሚያ አጡላት።"

አንዱ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አየኝ።

"ይሄስ?"

"መካኒኬ ነው። ተዉት፣ አይናገርም። ከጀመረ ደግሞ ስለ ካርቡራተር ነው፤ አትችሉትም።"

ሳቁ። ድንጋዩን ገለል አደረጉልን፤ ሁለቱ ከኋላ ገፉን። አንዱ ጣሪያዋን በመዳፉ እየመታ "ስትነሳ አንድ ዙር ታዞረኛለህ" አለ። ያለው ለእሱ ነው፤ መሪው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ሆኜ።

የኔ አለ። መካኒኬ አለ። እዚያ ቆሞ ሽርክና ማስረዳት እንደማይቻል ይገባኛል። ያ አንድ ቃል መኪናዋን አድኗታል፤ ምናልባት እኛንም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ቃሉ ከአፉ የወጣበት ቅለት ለሳምንታት ደረቴ ላይ ተቀምጦ ከረመ።

አክስቱን እሱ አዳዳ ይላቸዋል፤ እኔ እትዬ እላቸው ነበር። ቤታቸው ካርታ የለውም። ይፈርሳል ሲባል ማሳደሱን ይተዉታል፣ ወሬው ሲቀዘቅዝ ግድግዳ ይለስናሉ፤ እንዲህ እያሉ ዓመታት አልፈዋል። እኔ የምሠራበት ፋብሪካ ሁከቱ ደርሶበት ሥራ ሲያቆም "እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ" ተባልን። እትዬ የኋላውን ክፍል ከፈቱልኝና ከመኪናዋ ጋር ቡራዩ ከረምኩ።

ወለሏን ከዘይት በርሜል በቆረጥኩት ላሜራ ደፈንኩ። የፍሬን ጎማዎቹን ከታክሲ ዕቃ አሟላሁ። ለማስነሻው ከወደቀ ትራክተር ላይ የተፈታ ማብሪያ ገጠምኩላት። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር የሚቸግረኝን በቪዲዮ ማየት አልቻልኩም፤ የነበረኝ ያ ጣሊያንኛ መጽሐፍና የራሴ ጣት ነው። ፍሪሲዮኑን ስንት ጊዜ አውርጄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ሲተኮስ ስንሰማ እትዬ ወጥተው ሸራ ያለብሷታል፤ ሸራ ጥይት የሚያቆም ይመስል። "የልጄ አደራ ናት" ይሉኛል።

አንድ ሳምንት ከጎረቤት አንድ ወጣት ሞተ። እንዴት እንደሞተ ሁሉም ያውቃል፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን የለም። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄዱ። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ መዶሻ አልመታሁም፤ ለቅሶ ቤት አጠገብ ብረት አይቀጠቀጥም። በነዚያ ቀናት ድምፅ የሌለውን ሥራ ሠራሁ፤ ከጋሪ ፈረስ ጭራ የነቀልኩትን ፀጉር እያሾለክሁ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች አጸዳሁ። አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር እቀመጣለሁ። ዳር የተቀመጡ አንድ ሰው "አንተ የባለመኪናው ዘመድ ነህ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። በዚያ ቦታ ስለዚህ ነገር መቅናት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀናሁ ግን።

ጓደኛዬ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ዕቃ ይዞ ይመጣ ነበር። ግቢው የሚነቃው ያኔ ነው። እኔ ሰሞኑን የበላሁት ሽሮ እሱ ሲመጣ ቅቤ ያገኛል። ወንበር ይወጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ እትዬ ይስቃሉ። እሱ መኪናዋን አንዴ ዞር ዞር ይላትና ኮፈኗን መታ ያደርጋል።

"እሺ፣ እመቤቲቱ እንዴት ከረመች?"

"የማርሽ ዘንጉን አስተካከልኩ። ሁለተኛው ግን ገና ይከብዳል፤ ጥርሱ..."

"ጎበዝ" ይለኛል፣ ሳልጨርስ። ከሥሯ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ አላየም። አለማየቱ አያናድደኝም ነበር። የሚያናድደኝ ሳያያትም የእሱ መሆኗ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ሞተሩን የማስነሻው ቀን ደረሰ። ከጎረቤት የጭነት መኪና ባትሪ ተዋስኩ። ጠዋቱን ሙሉ ሞከርኩ። ሞተሩ ይዞራል፣ ያስነጥሳል፣ ይተወዋል። ካንዴላዎቹን አውጥቼ አደረቅሁና መለስኩ። ቤንዚኑ በደረቀው ቱቦ ቀስ እያለ እየመጣ እንደሆነ በማጣሪያው ብርጭቆ ውስጥ ይታየኝ ነበር፤ እንግዲህ አንድ ሁለት ሙከራ ነው የቀረው። እጄ ቤንዚን ብቻ ስለሆነ ልታጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ሳሙናውን እንደያዝኩ ጓደኛዬ በአጥሩ በር ገባ፣ ሰላም እንኳ ሳይል መሪዋ ላይ ተቀመጠ፣ ማብሪያውን ጠመዘዘ።

ተነሳች።

ያን ድምፅ ከመጽሐፍ ማወቅ አይቻልም። ጎርናና ነው፣ ትንሽ የተቆጣ፤ ከደረት የሚወጣ እንጂ ከጉሮሮ አይደለም። የቆርቆሮው አጥር ተንዘፈዘፈ። እትዬ እልል እያሉ ከማድቤት ወጡ።

"እግረ እርጥብ እኮ ነው የኔ ልጅ" አሉ ለተሰበሰበው ጎረቤት። "ይሄ ምስኪን ከጠዋት ሲታገላት ዋለ፤ እሱ ገና ሲነካት።"

"ታውቀኛለች" አለ ጓደኛዬ በመስኮት።

ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሄጄ ኮፈኗን ከፈትኩ። ቤንዚን በዝቶባታል። የካርቡራተሩን ብሎን በትንሹ መለስ አደረግሁት፤ ድምፁ ረጋ፣ ጭሱ ቀጠነ። ማንም ልዩነቱን አልሰማም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰበታ ልንወስዳት ነበር። መንገዱ ሰላም ነው ተብሏል። ጎረቤቱ በሩ ላይ ቆሟል። ጓደኛዬ መሪዋ ላይ ተቀምጦ የኔን በር ከውስጥ ከፈተልኝ።

"ግባ። ሰበታ ጉድ ይበል።"

"አልገባም።"

"ምን ሆንክ?"

"መኪናዋን እፈልጋለሁ።"

"ይችው አይደለች?"

"ለብቻዬ። ያንተን ግማሽ ጭምር።"

ድምፄ እንዳሰብኩት አልወጣም፤ ቀጥኖ ወጣ። እሱ ሞተሩን አጠፋ። በሩ ላይ የቆሙት እንዳይሰሙ ወደኔ ጠጋ አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ?"

"ከሱሉልታ።"

"ከሱሉልታ? ይሄን ሁሉ ጊዜ በሆድህ ይዘኸው ነው የአዳዳን ቅቤ ስትበላ የከረምከው?"

"ቅቤው አንተ ስትመጣ ነበር።"

ሳቀ። አሳሳቁ የክፋት አልነበረም፤ የክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የመሪዋን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

"ውሰዳት" አለ።

"ምን?"

"ውሰዳት። ሁለት ሰው የምትጭን መኪና ለኔ ምኔ ናት? የሚኒባሴን ሞተር ስንት ዓመት በነጻ ስትፈታ ስትገጥም ኖረሃል፤ ግማሹን ከፍለሃል በቃ። ወረቀቱን ሄደን እናዞረዋለን። ለኦቦ ብቻ እንዳትነግራቸው፣ ይረግሙኛል።"

"ታዲያ ለምን ገዛሃት?"

"አንተ ስለ እሷ ስታወራ አይቼህ ነዋ። ያን ያህል ስታወራ አይቼህ አላውቅም። ዝም ካልኩህ ሌላ ሰው ይወስዳታል ብዬ ፈራሁ።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ለዚያ ቀን ስንት ጊዜ ያዘጋጀሁት ክርክር ነበረኝ፤ ማን ቀድሞ እንዳያት፣ ማን ሥሯ እንደተኛ፣ ካርቡራተሩን ማን እንዳጸዳ። አንዱም አላስፈለገኝም። እኔ እንቅልፍ ያጣሁባትን እሱ ክብሪት እንደተለመነ ሰው አቀበለኝ። እንዲከለክለኝ ፈልጌ ነበር። ቢያንስ አንድ ጊዜ ተንፍሶ እንዲሰጠኝ ፈልጌ ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንደማልሰጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መስጠቱንም ቀናሁበት።

ወርዶ በሩን ያዘልኝ።

"ንዳት እስቲ።"

"እንደማልችል ታውቃለህ።"

"እስከ አስፋልቱ ብቻ። ከዚያ ወዲያ እኔ እወስዳለሁ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። የቀረውን አንተ ነህ የምታውቀው።"

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና በእሱ ቁመት ልክ ነበር፤ ወደፊት ሳብኩት። መጀመሪያ ስለቅ ዘለለችና ጠፋች። ጎረቤቱ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ "ቀስ" ብቻ አለኝ። በሁለተኛው ተንቀሳቀሰች። የአጥሩን በር አለፍን፤ ያለፍነው እኔና እሷ ነን። ኮብልስቶኑ ላይ እየተንቀጠቀጠች ወጣች፤ መሪዋ በእጄ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ይመስል ነበር፤ የሚጎትተኝ ገመድ የለም።

በዚያች ሰዓት ከመኪናዋ በላይ የፈለግሁት ነገር ነበር። የእሱን ፊት ማየት ፈለግሁ። በሩ ላይ ቆሞ ስሄድ ሲያየኝ ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ሆዱ ቅር እንዲለው ፈለግሁ። መዞር ግን አልቻልኩም፤ ዓይኔን ከመንገዱ ባነሳ ከጎን ያለው ቦይ ውስጥ እገባለሁ። የኋላ ማያ መስታወቱን ደግሞ አጽድቼ እትዬ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ገና አልገጠምኩትም። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ድምፁ ግቢው ድረስ እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ለእሱ ጆሮ ደግሞ ከዚያም በላይ። ፊቴ ጋለ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩና እንደገና ሞከርኩት።